የሁዳዴ ወተት ለፋሲካ ይድረስ

ሁዳዴ ሲገባ ሰው ከወተት ይታቀባል እንጂ የላም ጡት አይነጥፍም። ሱሉልታ ላሞች ያለን ሰዎች ይህን በየዓመቱ እናየዋለን። በቅበላ ሳምንት ገዢ የሚሻማበት ወተት ጾሙ በገባ ማግስት ፈላጊ ያጣል። ሰብሳቢው የሚረከበውን ይቀንሳል ወይም ዋጋ ይሰብራል፤ ፉርሽካውና ፋጉሎው ግን አይረክሱም። ከዚያ በኋላ የቤት እመቤቷ ያላት አማራጭ ወተቱን አርግታ መናጥ ነው። ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል። ከአሬራው የሚወጣውን አይብ ግን በጾም ማን ይብላው?

አይባችንን የማቃለል ሐሳብ የለኝም። አሬራን ሳያፈሉ፣ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቀስ ብሎ ማጠጠር ትልቅ ሙያ ነው። እናቴ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም፤ እጇን ከድስቱ ጎን አሳርፋ እሳቱን ትቀንስ ነበር። እሳት የበዛበት አይብ ደርቆ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ የእሷ ግን ለስላሳ ነበር። ችግሩ ከአይብ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ይበላሻል።

ለጾም ወተት የሚበጀው ተጨምቆ የሚበስል ጠንካራ አይብ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾሙ መግቢያ የተሠራ አይብ ለፋሲካ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ለገበታ ይደርሳል። ጊዜው ራሱ የተመቸ ነው!

እኔ ወተቱን በቅድሚያ 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ይህን የሚዘል ሰው አይብ ባይሠራ እመርጣለሁ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉና። ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድ ለእርሾ ጥሩ እርጎ፣ ቀጥሎም ሬኔት የሚባለውን ማርጊያ እጨምርበታለሁ። ሲረጋ በቢላ እቆርጠዋለሁ፤ አጓቱን አጥልዬ ለጥጆች እሰጣለሁ። የቀረውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ክብደት እጭንበታለሁ፣ ከዚያም ጨው ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ስለምትል ሌሊቷ ብርዳም ነው፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ቅዝቃዜውን ይዞ ይውላል። እዚያ መደርደሪያ ላይ እያገላበጥኩ አበስለዋለሁ። ማለቢያውን በወይራ ማጠኔን አልተውኩም፤ ጠረኑ እስከ አይቡ ይዘልቃል፣ ይህንንም ከውጭ በሚመጣ አይብ ላይ አላገኘሁትም።

ከ10 ሊትር ወተት የሚወጣው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ «ኪሳራ ነው» ይሉኛል። ወተት ገዢ ባለበት ወር ልክ ናቸው። በሁዳዴ ግን ሒሳቡ ከሚደፋ ወተት ጋር ነው መሠራት ያለበት። ደግሞም አይብ ማቆየት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በጎጃም አይብን በቅመም ለውሰው ለረጅም ጊዜ የሚያቆዩ እናቶች አሉ፣ መጣጣ ይሉታል።

አንዲት ሴት ግን ይህን ብቻዋን አትዘልቀውም። ማርጊያውን ከሩቅ ማስመጣት አለባት፤ አይቡ እስኪበስል ድረስም ሁለት ወር ያለ ገቢ ትቆያለች። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዚህ ነው የሚፈለጉት። ወተቱን በጾምም ተረክበው ከፊሉን ዋጋ በእጇ ቢሰጧት፣ የጋራ ማብሰያ ክፍል ቢሠሩ፣ አዲስ አበባ ካሉ ሆቴሎችና ፒዛ ቤቶች ጋር አስቀድመው ቢዋዋሉ ሥራው ይቆማል። በስልጠናውም ቀዳሚ መሆን ያለባቸው ወተት ሲያረጉና ሲንጡ የኖሩት ሴቶች ናቸው።

የማኅበራት መሪዎች፣ ቅበላ እስኪደርስ አትጠብቁ። ማርጊያውንና ቴርሞሜትሩን አሁን ግዙ፣ ክፍሉን አሁን አዘጋጁ።