ግንብ በሌለው የአይሮፕላን ሜዳ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ከደሴ ከተማ ከሆጤ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ሳያልፍ ከሜዳው አይደርስም። በዚያ መንገድ በየመታጠፊያው ቆሞ አንዱን እለፍ፥ ሌላውን ቆይ የሚል ዘበኛ የለም። ቢሆንም ነጂው ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ለማየት ስለማይችል አስቀድሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከታች የሚመጣውም ይህንኑ ሰምቶ በጥሩምባው ይመልሳል፤ ወይም ዳር ይዞ ይጠብቃል። ይህም ለነጂዎቹ ማንም ሳያዛቸው የሚያደርጉት የዘወትር ሥራቸው ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከቍልቍለቱ በታች ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕዝብ የሚያገለግል የአይሮፕላን ማረፊያ አለና፥ አንባቢዎቻችን የመኪናውን ልማድ እያሰቡ የአይሮፕላኑን ነገር እንዲያመዛዝኑልን ፈልገን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ እርሱም ፖቴዝ የሚባለው ነው። የደሴ ሰው ግን አይሮፕላንን አጥብቆ ያወቀው በክፉ ቀን ሆነ፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደብድበዋታልና። ያ ዘመን አልፎ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ አይሮፕላን የሚፈራ መሆኑ ቀርቶ የሚጠበቅ እንግዳ ሆኗል።

እንደ አዲስ አበባ ባለው ትልቅ ማረፊያ ከፍ ባለ ግንብ ላይ የተቀመጡ ተቆጣጣሪዎች ማኮብኮቢያውን ቍልቍል እያዩ ለእያንዳንዱ አብራሪ ተራውን በሬዲዮ ይነግሩታል። እንዲህ ያለውን ግንብ ማቆምና በሠለጠነ ሰው ማስጠበቅ ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ በአሜሪካ እንኳ ግንብ የሌላቸው ሜዳዎች ግንብ ካላቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በእኛም አገር ጠጠር ወይም ሣር ብቻ የሆኑ፥ ግንብ የሌላቸው ሜዳዎች አሉ። በእነዚህ ስፍራዎች አብራሪው ራሱ አብራሪም ተቆጣጣሪም ነው።

ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያም ከተካፈለችበት፥ በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከተደረገው ጉባኤ የመነጨው የዓለም የአየር ሕግ እንደሚያዝዘው፥ ሊያርፍ የሚመጣ አይሮፕላን በምድር ላይ ካለው ይቀድማል፤ ሁለት ሊያርፉ ቢመጡ ዝቅ ብሎ የሚበረው ይቀድማል፤ በሜዳው ዙሪያም የሚዞር ሌላ ትእዛዝ ከሌለ በቀር ወደ ግራ ይዞራል። ደግሞም ዝቅ ያለው በዚህ መብቱ ተመክቶ ለማረፍ በመጨረሻው መሥመር ላይ ካለው ፊት እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። ይህችን ክልከላ የጨመሩት ሰዎች ቀዳሚነት የተሰጠው ሰው ምን እንደሚያደርግ አሳምረው የሚያውቁ እንደ ነበሩ እንገምታለን።

በሬዲዮ በኩል ልማዱ እንደ ሐረጎ ጥሩምባ ነው። ሁሉም አብራሪዎች በአንድ ሞገድ ያዳምጣሉ፤ እያንዳንዱም ከሜዳው ዐሥር ማይል ያህል ሲቀረው፥ በሜዳው ዙሪያ በየታጠፈበት፥ ለማረፍ ሲቀርብ፥ ከማኮብኮቢያውም ሲወጣ፥ የአይሮፕላኑን ስም፥ ያለበትን ስፍራና የሚጠቀምበትን ማኮብኮቢያ ቍጥር ይናገራል። ነገር ግን ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የሰው ንግግር ግን ሊሳሳትም ሊያሳስትም ይችላል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፥ ኵዊንሲ በምትባለው ከተማ፥ ኅዳር 10 ቀን 1989 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ነው።

በዚያ ማረፊያ ግንብ አልነበረም፤ ማኮብኮቢያዎቹም እርስ በርሳቸው ይቋረጡ ነበር። ዐሥራ ሁለት ሰዎች የያዘ የመንገደኞች አይሮፕላን በ13 ቍጥር ሊያርፍ ሲመጣ፥ ኪንግ ኤር የሚባል ሌላ አይሮፕላን ሁለት ሰዎችን ይዞ በ4 ቍጥር ለመነሣት ቆሞ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ አንዲት ትንሽ ቼሮኪ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። የሚያርፈው አይሮፕላን አዛዥ፥ በ4 ቍጥር ያለው ይጠብቅ እንደ ሆነ ወይም ይነሣ እንደ ሆነ በሬዲዮ ጠየቀ። የተጠየቀው ኪንግ ኤር ዝም አለ። መልሱን የሰጠው ያልተጠየቀው የቼሮኪ አብራሪ ነበር፤ እርሱም እጠብቃለሁ ማለቱ ስለ ራሱ ነው። በዚያችው ቅጽበት በሚያርፈው አይሮፕላን ውስጥ ከምድር መቅረቡን የሚያስታውቀው መሣሪያ ጮኸና የንግግሩን ከፊል ሸፈነው። አዛዡም መልሱ ከኪንግ ኤር የመጣ መስሎት አመስግኖ ወረደ። ሁለቱ አይሮፕላኖች በመቋረጫው ላይ ተጋጩ፤ ዐሥራ አራቱም ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት የሰጡት ሬዲዮውን በሚገባ ላላዳመጡትና ዙሪያቸውን ላልተመለከቱት ለኪንግ ኤር አብራሪዎች ነው፤ የቼሮኪው መልስም ለአደጋው ያገዘ መሆኑን ጽፈዋል።

በእኛ አሳብ ከዚህ ታሪክ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ መልስ ነው። ቼሮኪው ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፥ አዛዡ መልስ ማጣቱ ባሳሰበው፥ ምናልባትም ከፍ ብሎ እንደ ገና በዞረ ነበር። ዝምታ ሰውን ያስጠረጥራል፤ የተጠራጠረም አብራሪ ለመመለስ ጊዜ አለው። ባለቤቱ ያልታወቀ መልስ ግን ጥርጣሬውን ያስወግድለትና ከአደጋው ያደርሰዋል። ስለዚህ ያልተጠየቀ አይመልስ፤ የሚመልስም በመጀመሪያ ማን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም የት እንደ ቆመ ይናገር፤ የጠየቀውም ሰው የጠየቀውን አይሮፕላን ስም ካልሰማ መልስ አገኘሁ አይበል። የአሜሪካ የአየር ባለሥልጣኖችም፥ በአካባቢው ያላችሁ ሁሉ ንገሩኝ ብሎ በጅምላ መጠየቅን አብራሪዎች እንዲተዉት ይመክራሉ። በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የተናገሩ እንደ ሆነ የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነውና። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት 583 ሰዎች ካለቁበት አደጋ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የንግግር መደራረብ ነበር፤ በዚያም ተቆጣጣሪዎች ነበሩ።

ንግግር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሊፎርንያ በዋትሰንቪል ታይቷል። አንዲት ትንሽ ሴስና በሜዳው ዙሪያ እየዞረች ለማረፍ ስትቀርብ፥ ባለ ሁለት ሞተር ሌላ ሴስና ዙሪያውን ትቶ በቀጥታና በታላቅ ፍጥነት ከኋላዋ መጣ። ሁለቱም ያሉበትን በሬዲዮ ተናግረው ነበር፤ ሆኖም ተጋጭተው ሦስት ሰዎች ሞቱ። ፈጣኑ ሰው ዘገምተኛውን በዐይኑ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ከዙሪያው ተራ መግባት ነበረበት።

ይህ ነገር ለወሎ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ ወሎን በወረረ ጊዜ አንበጣውን ለማጥፋት አይሮፕላኖች ተሰማርተው ነበር። መድኃኒት የሚረጭ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ መድኃኒቱና ነዳጁ ሲያልቅበትም ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። አብራሪውም ብዙ ጊዜ ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ተራራውንና ነፋሱን አያውቅም። እንደዚህ ያለው የችኰላ ሥራ ከመንገደኞች አይሮፕላን ጋር በአንድ ሜዳ ሲገናኝ መዘጋጀት የሚገባው አንበጣው ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው።

ለታወቁት ማረፊያዎች በበረራ መምሪያ መጽሐፍ የታተመ መግለጫ አለ። ግንብ ለሌላቸው ትንንሽ ሜዳዎችም የሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን በየአንዳንዳቸው አንድ ገጽ የሚሆን ትእዛዝ እንዲያወጣ፥ በእርሱም የሬዲዮውን ሞገድ፥ ከተራራው አንጻር የሚዞሩበትን ወገንና በምድር ላይ ተራ የሚጠብቁበትን ስፍራ እንዲያመለክት፥ እንግዳ አብራሪም ይህን ሳይቀበል እንዳይነሣ እንዲያደርግ እናሳስባለን። በሜዳው ሬዲዮ የሚይዝ ሠራተኛ ቢኖር ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፥ በማኮብኮቢያውም ላይ ከብት መኖር አለመኖሩን ይናገር፤ የተቆጣጣሪነት ፈቃድ ሳይኖረው ግን እረፍ ወይም ተነሣ አይበል። አብራሪው እንዲህ ያለውን ቃል ትእዛዝ መስሎት የራሱን ዐይን ያሳርፋልና። በሜዳው አጠገብ የሚኖሩትም ባላገሮች ከብታቸውን የሚያሻግሩበት ሌላ መንገድ ሊበጅላቸው ይገባል፤ መንገድ ሳይሰጡ መከልከል ብቻ አይጠቅምም።

ስለ ኵዊንሲ አንድ የቀረ ነገር አለ። ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ የሞቱት ከግጭቱ በኋላ በተነሣው እሳትና ጢስ ነበር። በሜዳው የነበሩ ሰዎች ሮጠው ደርሰው በሩን ሊከፍቱ ቢሞክሩም አልቻሉም፤ እሳት አጥፊዎችም በቦታው አልነበሩም። በየሜዳው የሚሠሩ ዘበኞችና ጭነት አውራጆች በዚያ የሚያርፈውን የእያንዳንዱን ዓይነት አይሮፕላን በር ከውጭ መክፈት ይልመዱ፤ አይሮፕላኑ መንገደኞቹን እስኪጭን በሚቆምበት ጊዜ ይህን ለማሳየት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።