ለምድጃው የወሰድነውን ለአፈሩ እንመልስ

የጓሮ ዓምዳችን ዛሬ ስለ ማገዶ ያወራል። የሚታደለው እንጨት እስከሚቀጥለው እደላ እንደማያደርስ እዚህ ካኩማ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። የጎደለውን ከቱርካና ሴቶች እንገዛለን፤ ሳንቲም ሲጠፋ ደግሞ ከራሽኑ ዱቄት ቀንሰን እንለውጣለን። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ከተቀነሰ ወዲህ ይህ ልውውጥ ከልጆች አፍ እንደ መንጠቅ ሆኗል።

ታዲያ «ማገዶውን ራሳችን በጓሮ ብናበቅለውስ?» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከመትከላችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ፤ ማገዶም እንደ ማሽላና እንደ በቆሎ ሰብል ነው፣ ከአፈር ይበላል። ሁልጊዜ እየተወሰደበት ምንም የማይመለስለት መሬት ይደክማል።

ይህን ከአገራችን እናውቀዋለን። በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ አዲስ አበባ እንጨት ሲያልቅባት ባህር ዛፍ መጣላት። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው። ጉዳቱ የመጣው በቅጠሉ በኩል ነው። የእንጦጦ እናቶች ቅጠሉን ጠርገው፣ ጎብጠው ተሸክመው ሲወርዱ ያየን ብዙ ነን። ለምጣድ ከቅጠል የበለጠ ነበልባል የለም፤ ሸክሙም ኑሯቸው ነበርና ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን ግንዱ በአብዛኛው የተሠራው ዛፉ ከአየርና ከውሃ ከወሰደው ነው፤ ከአፈር የተሳበው ምግብ ይበልጥ የሚገኘው በቅጠሉና በልጡ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲጠረግ የመሬቱ ምግብም አብሮ ሄደ፤ አፈሩ ራቁቱን ስለቀረ የክረምት ጎርፍ አጠበው። ኩበትም ያው ነው። ለማሳ የሚሆነው ፍግ ምድጃ ውስጥ ሲገባ እህሉ ይቀጭጫል።

ሌላም ትምህርት አለ። በ2000ዎቹ ጃትሮፋ የሚባል ቁጥቋጦ በኬንያም፣ በታንዛኒያም፣ በኢትዮጵያም ብዙ ተወራለት። በደረቅና በደከመ መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ ለናፍጣ የሚሆን ዘይት ይሰጣል ተባለ። በ2009 ኬንያ ውስጥ የወጣ የመስክ ጥናት ግን የገበሬዎቹ ምርት በጣም ትንሽ መሆኑን አሳይቶ፣ ለአጥር ካልሆነ በቀር ባይተክሉት ይሻላል ብሎ መከረ። ጃትሮፋ በድርቅ ቶሎ አይሞትም፤ አለመሞትና ማፍራት ግን ለየቅል ናቸው። ዘሩ መርዝ ስለሆነም በአጥራችሁ ካለ ልጆች አንስተው እንዳይበሉ ተጠንቀቁ።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? በቅድሚያ የምንመክረው የርግብ አተርን ነው፤ ኬንያውያን ምባዚ የሚሉት። አተሩ ይበላል፣ ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያለብሳል፣ ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ መሬቱን ይመግባል፣ እንጨት የሆነው አገዳው ደግሞ ይነዳል። ያልተከካውን፣ ሙሉውን ፍሬ ከገበያ ገዝታችሁ፣ በአጥር ጥግ ዝቅ ባለ መደብ ላይ በአንድ ሜትር ርቀት ዝሩት። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል፤ ዱቄት ሳሙና የበዛበት እጣቢ ግን ጨው ስላለው አታጠጡት። ስትቆርጡ ሥሩን አትንቀሉ፤ ቅጠሉንም እዚያው አራግፉ። እውነቱን ለመናገር አንድ ረድፍ አጥር የወሩን ማገዶ አይሸፍንም። ግን ቡና ማፍያ ጭራሮ ከጓሮ ማግኘት አንድ ጣሳ ዱቄት ቤት እንዲቀር ያደርጋል፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ማቴንጌ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ በአዲስ አትትከሉት፤ በራሱ ይበዛል። ባሪንጎ ውስጥ ግጦሹን ስላጠፋባቸው አርብቶ አደሮች በ2006 መንግሥትን ፍርድ ቤት እስከ ማቅረብ ደርሰዋል። በጓሯችሁ የበቀለ ካለ ግን አንድ ወይም ሁለት ግንድ አስቀርታችሁ ሌላውን ከልሙት፤ ቅርንጫፉ ለምድጃ፣ የቀረው ለጥላ ይሆናል። ፍሬው ሳይደርቅ ልቀሙት፤ ፍየል ከበላው ዘሩን በበጠጡ ይዞ ሌላ ቦታ ይዘራዋል።

አመድን በተመለከተ ብዙ እናቶች ይጠይቁናል። እንደ ጎጃምና ወለጋ ባለው ኮምጣጣ አፈር ላይ አመድ መድኃኒት ነው። የካኩማ አፈር ግን የተለየ ነው፤ ጨው ያለበት ስለሆነ አመድ ሲጨመርበት ይብስበታል። አመዱን ለሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ለዕቃ ማጠቢያ አውሉት፤ ለመደቡ የአትክልት ልጣጭ፣ የደረቀ ቅጠልና የፍየል በጠጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ላጋው ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች ባለቤት የሌላቸው እንዳይመስሉን። ቱርካናዎች ኤክዋር የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ በወንዙ ዳር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ዛፎች አሉት፤ ለፍየሎቹ የድርቅ ቀን መኖ ከዚያ ነው። ሳይጠይቁ መቁረጥ የሰው ጎተራ እንደ መክፈት ነው፤ ስንት ጠብ የተነሳውም ከዚህ ነው። በጓሮ የምናበቅላት እያንዳንዷ ጭራሮ ያን ጠብ በትንሹም ቢሆን ታበርዳለች። እኛ ብንሄድ እንኳ፣ መሬቱ ከእኛ በኋላ ለሚኖርበት ሰው ለምቶ እንዲቆይ እናድርግ።

የርግብ አተር የዘራችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።