«ከርዕስ ወጣህ!»

ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ ገና መናገር ሲጀምር ሰብሳቢው «ከርዕስ ወጣህ!» ይሉታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው «በታንጀንት ሄደ» ይሉታል። ነቀፋ ነው እንግዲህ። እኛ ግን ጂኦሜትሪውን ስናየው ሰውየው የተበደለ ይመስለናል።

ታንጀንት «መንካት» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ዴንማርካዊው ቶማስ ፊንከ በ1583 እ.ኤ.አ. በጂኦሜትሪ መጽሐፉ ተጠቅሞበታል። ክብን በአንድ ነጥብ ብቻ ነክቶ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ መስመር ነው። ይህን ሁላችንም ሸምድደናል። የሚረሳው ሌላው ነው፦ በነካበት ነጥብ ላይ የመስመሩና የክቡ አቅጣጫ አንድ ነው። ወንጭፍ ያየ ያውቀዋል። ድንጋዩ ሲለቀቅ በዚያች ቅጽበት ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ፣ ማለትም በታንጀንቱ ይበራል። (እየዞረ ቢቀርማ ኖሮ ማሽላውን ወፍ በጨረሰው!)

ስለ ውኃ መጥፋት ሲወራ ስለ ውኃ በጀት የጠየቀ ሰው ርዕሱን ነክቶታል፤ ከዚያም ወሬው ወዳመራበት ቀጥ ብሎ ሄዷል። ሰብሳቢው የፈለጉት ግን ዙሩን ነው። ርዕሱን ጭራሽ ያልነካውንማ ያስቁሙት፤ እሱ ታንጀንት አይደለም። ብቻ ከማስቆማቸው በፊት «የቱ ጋ ነካው?» ብለው ቢጠይቁልን።