«በጥብቅ የተከለከለ ነው!» ለምን?

ሰሞኑን በቤታችን የደረሰች አንዲት ትንሽ አደጋ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነችኝ። ልጄ ከጀበናው የተረፈውን ቡና ላሙቅ ብላ ጠርዙ ወርቃማ ቅብ ያለው ሲኒ ማይክሮዌቭ ውስጥ ታስገባለች። ጥቂት ሰከንዶች እንኳ ሳይሞላ ሲኒው ዙሪያውን እሳት ይረጭ ጀመር። ሮጬ ካጠፋሁ በኋላ «ብረት አይገባም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። «አባዬ፣ ሲኒ ከመቼ ወዲህ ነው ብረት የሆነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስተማር እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ ለዓመታት ስከለክላት ምክንያቱን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ምክንያቱ ግን ለማስረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ምድጃው ማግኔትሮን በሚባለው ክፍሉ አማካይነት በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ሞገድ ያመነጫል። ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ስለሚያንቀሳቅስ ምግቡ ይሞቃል። ብረት ሲያገኝ ደግሞ በብረቱ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል። ወፍራምና ለስላሳ ብረት ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቀዋል፤ የምድጃው ግድግዳ ራሱ ብረት መሆኑን ልብ ይሏል። እንደ ሲኒ ጠርዝ የሳሳ፣ እንደ ሹካ ጥርስ የሾለ ወይም እንደ ፎይል የተጨማደደ ሲሆን ግን ኤሌክትሪኩ ጫፉ ላይ ይበረታና አየሩን ሰንጥቆ ብልጭታ ይሆናል። እንቁላል በበኩሉ ብረት የለበትም፤ የሚፈነዳው በቅርፊቱ ውስጥ የታፈነው እንፋሎት መውጫ ስለሚያጣ ነው። «አይደረግም» የምትለው ቃላችን እነዚህን ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ጉዳዮች በአንድነት ጨፍልቃ ታልፋቸዋለች።

ክልከላን ያለ ምክንያት የለመደ ሰው ፈቃድንም ያለ ምክንያት ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የአፕል ኩባንያን ማስታወቂያ አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ምስል በኢንተርኔት ተሠራጭቶ ነበር። አዲሱ የአይፎን ሶፍትዌር ስልክን በማይክሮዌቭ ቻርጅ ለማድረግ ያስችላል ይል ነበር። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳይቀር «አትታለሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለማውጣት ተገደደ። ይህ የሆነው በዓለም ላይ በቴክኖሎጂ ቀደመ በሚባል አገር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 ደግሞ በደቡብ ኮርያ ሰዎች ቫይረሱን ለመግደል የብር ኖት በማይክሮዌቭ አሞቁ። ኖቱ የደኅንነት ክርና ብረት ነክ ሆሎግራም ስላለው ተቃጠለ፤ ማዕከላዊ ባንኩም የተቃጠለ ኖት ይዘው ለሚመጡ ዜጎች ምክር መስጠት ነበረበት። በነገራችን ላይ የእኛም ብር የደኅንነት ክር አለው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሚገኘው የኬንት ዲስትሪክት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች አንባቢ በማይክሮዌቭ ያሞቀው መጽሐፍ ተመልሶላቸው አገኙ። መጽሐፉ ላይ ያለው የሬዲዮ መለያ ብረት ስለነበረበት ገጾቹ ጠቁረው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ የመረጠው መንገድ ደስ ይለኛል፤ የተቃጠለውን መጽሐፍ ፎቶግራፍ አውጥቶ ለምን እንደተቃጠለ ጭምር አስረዳ። ያን ያየ ሰው የባንክ ካርዱንም ወደ ምድጃው አይወስድም፤ ስለ ባንክ ካርድ ማንም ባይነግረውም።

እርግጥ ነው፣ ቤት እየነደደ ሌክቸር አይሰጥም። አደጋ በደረሰበት ሰዓት «ውጡ!» ብቻ ነው የሚባለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአደጋ ጊዜ ቋንቋ የዘወትር ቋንቋችን መሆኑ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ፎቶ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ አለ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ዜጋ እንደ ተጠርጣሪ ይታያል። በክፍል ውስጥም «ለምን» ያለ ተማሪ መምህሩን እንደናቀ ይቆጠራል፤ ይህን የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው። ከዚያ ፈተና ስናርም «ተማሪው አያስብም» እያልን እናማርራለን።

«ለምን» የሚባልበት ቦታ የሚያተርፈውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከዚያው ምድጃ ሳንወጣ እናገኘዋለን። በአውስትራሊያ የሚገኘው 64 ሜትር ስፋት ያለው የፓርክስ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከ1998 ጀምሮ ምንጫቸው የማይታወቅ ምልክቶች ይይዝ ነበር። በ2015 ኤሚሊ ፔትሮፍ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ምንጩን ደረሰችበት፤ ሰው ምግቡን ለማውጣት ቸኩሎ ምድጃው ሥራ ላይ እያለ በሩን ሲከፍት የሚያመልጥ ሞገድ ነበር። በ2019 ደግሞ የካናዳ የፊዚክስ ባለሙያዎች ሁለት ተጠጋግተው የተቀመጡ የወይን ፍሬዎች በማይክሮዌቭ ውስጥ ለምን ፕላዝማ እንደሚያፈልቁ አብራሩ። ሞገዱ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ርዝመቱ ከ12 ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር፣ ልኩ በሆነው ፍሬ ውስጥ ይታሰርና ሁለቱ በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ይበረታል። ለዓመታት ተማሪዎች ለጨዋታ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፤ ማንም «ነውር ነው» ብሎ አላስቆማቸውም።

ለልጄ ይህን ሁሉ ከነገርኳት ወዲህ ወይኑን በቤታችን ካልሞከርን ብላ አስቸግራኛለች። ካናዳውያኑ በሙከራው ደርዘን ያህል ምድጃ እንዳበላሹ፣ እኛ ያለን ግን አንድ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ለጊዜው ተቀብላለች።

ቸር እንሰንብት።