ጣሪያው ሲያፈስ ኪራዩ ይከፈላል?

በእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ኢየሱስ ቤት የሚከራየው ባብዛኛው ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አለዚያም ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር ለትምህርት የገባ ተማሪ ነው። የሚያገኘውም ብዙውን ጊዜ ከአከራዩ ግቢ ውስጥ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ሐምሌ ሲገባ የቤቱ ጉድ ይወጣል። ቆርቆሮውን የያዘው ሚስማር ዙሪያውን ይዝግና ቀዳዳው ይሰፋል፤ ውኃው ማገሩን ተከትሎ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል፤ ምርጊቱ ረጥቦ ይላቀቃል፤ የቋሚው እግር ለምስጥ ይመቻል። ሚያዝያ ላይ በጥቂት ሚስማርና ሬንጅ ይደፈን የነበረው ቀዳዳ መስከረም ላይ የግድግዳ ሥራ ይጠይቃል።

ይህን ማን ይጠግን? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። አከራይ ቤቱን አስረክቦ እጁን አይሰበስብም፤ ኪራዩ እስካለ ድረስ ቤቱን በደህና ሁኔታ የመያዝ ግዴታ አለበት። ተከራይም ድርሻ አለው፤ እንደ በርና መስኮት ያሉ ትንንሽ ጥገናዎች የሱ ናቸው። ብልሽቱ የመጣው በእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን ተከራዩ አይጠየቅበትም። በዝገት ያረጀ ቆርቆሮ እንግዲህ የአከራዩ ነው።

ተከራይ ሲመረው መጀመሪያ የሚያስበው ኪራዩን መያዝ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ዝናብ እየወረደበት ሙሉ ዋጋ መክፈል ያንገበግባል። መንገዱ ግን አደገኛ ነው። አከራዩ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ውሉን ለማፍረስ ሲነሣ፣ ጥገና ጠይቆ እንደነበረ የሚያሳይ ምንም ነገር ያልያዘ ተከራይ የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ተብሎ ይቀራል። የሚሻለው ብልሽቱን በጽሑፍ ገልጾ፣ ቀን ቆርጦ ማስጠንቀቂያ መስጠትና ቅጂውን መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ አከራዩ ዝም ካለ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥገናው እንዲታዘዝለት፣ ወይም ራሱ አስጠግኖ ወጪውን ከኪራዩ እንዲቀንስ እንዲፈቀድለት፣ ወይም ኪራዩ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። ቤቱ ለመኖሪያ የማይበቃ ከሆነም ውሉ እንዲፈርስ ማመልከት አለ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ለሁለት ወር ኪራይ ክስ የሚመሠርት መምህር ግን ስንት አለ? ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል፤ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ጠዋት ማታ ዐይን ለዐይን ይገናኛል። ውሉም ባብዛኛው የቃል ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ወይ ይችላል ወይ ይለቃል። መልቀቁም ያፈሰሰውን ጣሪያ ለሚቀጥለው ተከራይ ማውረስ ነው።

የአከራዩንም ወገን መስማት ይገባል። በእንዲህ ያለ ከተማ አከራይ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም፤ ከአንዷ ክፍል በሚገኘው ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ እናትም አከራይ ናት። «ልጄ፣ ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» ስትል እያሳበበች ላይሆን ይችላል። ኪራይ ጥገናን ካልሸፈነ ቤት ምን እንደሚሆን ደግሞ አገሪቱ በራሷ ቤቶች አይታዋለች። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራያቸውን ዝቅ አደረገ፤ ወርሐዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆየ፤ ቤቶቹም ጠጋኝ አጥተው ጎበጡ። ተከራዩ በዋጋ ተጠቀመ፣ በጣሪያ ተጎዳ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የዋጋ ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል ተመን እንዲሆን ያዛል። አዋጁ በክልል የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። የጽሑፍ ውል ለተከራዩ ትልቅ ጋሻ ነው። ዋጋ የተገደበበት አከራይ ግን ካልጨመርኩ ለምን ላሳድስ ሊል እንደሚችልም አልክድም። ጭማሪ የሚተምን አካል የጥገና ወጪን ከቁጥር ካላስገባ የቀበሌ ቤቶች ታሪክ ይደገማል ብዬ እፈራለሁ።

የተከራዩንና የአከራዩን ወገን ስመዝን፣ ሚዛኑ በጣሪያ፣ በግድግዳና በቋሚ ነገር ወደ ተከራዩ ያደላል። የአከራይ እጥረት እውነት ቢሆንም ውኃ የሚያስገባ ቤት በሙሉ ዋጋ ማከራየትን ፍትሕ አያደርገውም። ለሁለቱም የሚቀለው ተከራዩ አስጠግኖ ከኪራዩ የሚቀንስበት መንገድ ይመስለኛል፤ አከራይዋ በአንድ ጊዜ ብር መፈለግ አይጠበቅባትም፣ ቤቱም ይድናል። ግን በተከራዩ ውሳኔ ብቻ አይሆንም። ዋጋው አስቀድሞ በሁለቱም ይታወቅ፣ ደረሰኝ ይያዝ፣ በስንት ወር እንደሚቀነስ ይፈረም። ካልተስማሙ ሽማግሌ ይግባ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይስፈር። ሽማግሌም ካልፈታው የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይዙ መቀነስ አይገባም።

በመካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላ ከተማ ቤት የምትከራዩ፣ ክረምት ሳይገባ ከአከራያችሁ ጋር ሆናችሁ ጣሪያውን እዩ፤ ጥገናው የማን እንደሆነም በውላችሁ ላይ አስጽፉ።