ዓለማትን የሚበላው ጌታና እምቢ ያለው መልእክተኛ

በሥዕል የሚተረኩትን የልዕለ ጀግኖች ታሪኮች፣ ይልቁንም መድረካቸውን ከአንዲት ከተማ አውጥተው በከዋክብትና በዓለማት መካከል የዘረጉትን፣ የሕፃናት መጫወቻ አድርጎ መቍጠር በአስተዋዮች ዘንድ ሳይቀር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን እነዚህን ታሪኮች በዕድሜ ከበሰልሁ በኋላም በፍቅር የማነብ እንደ መሆኔ፣ ቁም ነገራቸው ከጡንቻውና ከመብረቁ ይልቅ በፈቃድ ላይ፣ ይኸውም አንድ ፍጡር እጅግ የሚበልጠው ኀይል ሲያዝዘው እሺ ወይም እምቢ ለማለት ባለው ሥልጣን ላይ መሆኑን ለመመስከር እወድዳለሁ። የመድረኩም ስፋት ለጌጥ ያህል የገባ አይደለም፤ ባላጋራው ዓለማትን የሚያጠፋ በሆነ ጊዜ፣ የአንዲት ነፍስ እምቢታ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያን ጊዜ በጉልህ ይታያል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክሬ፣ ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ልጥቀስና፣ በ1966 ማርቬል የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ «ፋንታስቲክ ፎር» በሚባለው መጽሔት ከ48ኛው እስከ 50ኛው ቍጥር ያወጣው፣ ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ አብረው ያዘጋጁት ታሪክ ነው። ጋላክተስ የሚባል ግዙፍ ፍጡር ወደ ምድር ይመጣል፤ ረኃቡ የሚታገሠው የዓለማትን የሕይወት ኀይል እየመጠጠ ሲበላ ብቻ ነው፤ ሰው በመንገዱ የሚረግጣቸውን ጕንዳኖች እንደማይጠላቸው ሁሉ እርሱም የሚያጠፋቸውን ሕዝቦች አይጠላም፤ ጥላቻ የሌለው መሆኑም ከክፉዎች ሁሉ ይልቅ አስፈሪ ያደርገዋል፤ የሚጠላ ጠላት በልመና ወይም በካሣ ሊበርድ ይችላል፣ ከረኃብ ጋር ግን ዕርቅ የለም። ከርቢ ግን እንዲህ ያለ ኀያል ያለ ዐዋጅ ነጋሪ ሊመጣ አይገባውም ብሎ፣ ከስታን ሊ ጋር ሳይመክር፣ በሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ጠፈርን የሚቀዝፍ አንድ መልእክተኛ ጨምሮ ሣለ። ሲልቨር ሰርፈር የተባለው ይህ ነው።

ሰርፈር ለጌታው የሚበላ ዓለም አስቀድሞ የሚፈልግ ሎሌ ነው። ከመጽሔቱ ጀግኖች ጋር ባደረገው በመጀመሪያው ግጭት ተመትቶ በወደቀ ጊዜ ግን አሊሽያ ማስተርስ በተባለች ዐይነ ሥውር ቀራጺ ቤት ላይ ያርፋል፤ እርስዋም መልኩን ሳታይ በእንግድነት ተቀብላ፣ ማዕድ አቅርባ፣ ስለ ሰው ልጆች ታነጋግረዋለች። ከዚያች ሰዓት በኋላ ያ ታዛዥ መልእክተኛ በገዛ ጌታው ላይ ይነሣል። ልብ በሉ፤ ጋላክተስን በመጨረሻ የመለሰው የሰርፈር ክንድ አይደለም፤ ከጋላክተስ ከራሱ መርከብ የተወሰደ ዓለምን የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። ሰርፈር ያገኘው ትርፍ የሰማይ መንገድ ተዘግቶበት በምድር ላይ ግዞተኛ ሆኖ መቅረት ብቻ ነበር። የሳጥናኤልን ትዕቢትና የመላእክትን ውጊያ ከሥነ ፍጥረት ትምህርት እየሰማ ላደገ የሀገሬ አንባቢ በሰማይ የሚደረግ ጦርነት እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ይህ መልእክተኛ ከማዕርጉ የወረደው ስለ ትዕቢት ሳይሆን ስለ ርኅራኄ ነው። በ1968 ስታን ሊ ከሠዓሊው ከጆን ቡሴማ ጋር ሆኖ፣ ሰርፈር አስቀድሞ ኖሪን ራድ የሚባል ሰው እንደ ነበረና ዜን ላ የተባለችውን ዓለሙን ለማትረፍ ራሱን ለጋላክተስ አገልጋይነት እንደ ሰጠ ጻፈ፤ ከርቢ ያልተጠየቀበት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ታሪኩ ግን እውነተኛ ጥልቀት እንዳለው አልክድም፤ ለገዛ ወገኑ ሲል ለሌሎች ጥፋት መንገድ ጠራጊ የሆነ ሰው ነውና።

ከርቢ በ1970 ማርቬልን ትቶ ዲሲ ወደሚባለው አሳታሚ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእግረኛ ጦር ተሰልፎ በፈረንሳይ ምድር የተዋጋ ሰው ስለ ሆነ፣ አምባገነንነትን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ በ1971 በጀመረው «ኒው ጎድስ» ውስጥ የሚገኘው ዳርክሳይድ የተባለው ገዥም ይህንኑ ይመሰክራል። የዳርክሳይድ ምኞት ወርቅ ወይም ሰፊ ግዛት አይደለም፤ የሚሻው «ፀረ ሕይወት» የተባለውን ቀመር አግኝቶ የፍጥረትን ሁሉ ፈቃድ በእጁ ማስገባት ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሕያው በቁሙ ሙት ነውና ስያሜው በትክክል ይገልጸዋል። ከዚያ ሥራ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወድደው በ7ኛው ቍጥር የተነገረውን የሰላም ቃል ኪዳን ነው፤ ዳርክሳይድና ጠበኛው የሆነው የበጎዎቹ ጻድቅ መሪ ጦርነቱን ለማቆም ልጆቻቸውን ይለዋወጣሉ። በሰላም አገር ያደገው የዳርክሳይድ ልጅ ኦራየን ቍጣውን ከደሙ ጋር ተሸክሞ ለበጎዎቹ ይዋጋል፤ በጨካኞች እጅ፣ በዱላና በስድብ ያደገው የጻድቁ ልጅ ስኮት ፍሪ ደግሞ ከማንኛውም እስር የሚያመልጥ ሰው ይሆናል። ዘርም አስተዳደግም ብቻቸውን ሰውን እንደማይወስኑ በዚህን ያህል ኀይል ያሳየ ሌላ የሥዕል ታሪክ አላነበብሁም፤ መጽሔቱ በ1972 ከ11ኛው ቍጥር በኋላ መቋረጡም ለዚህ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ታላቅ ጉዳት ነበር።

ከከርቢ በኋላ መንበሩን የወረሰው ጂም ስታርሊን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታኖስን በ1973 በ«አይረን ማን» 55ኛ ቍጥር ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣው፤ ይህም ታኖስ በሴት አምሳል የተገለጠችውን ሞትን የሚያፈቅር ፍጡር ነው። በ1982 ደግሞ ስታርሊን «የካፒቴን ማርቬል ሞት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ስንት የሰማይ ጦርነት ያለፈው ጀግና በካንሰር ተይዞ በአልጋ ላይ ይሞታል፤ የጠፈር ሐኪሞችና ጠቢባን ሁሉ ተሰብስበው ሊያድኑት አይቻላቸውም፤ ዘመኑን ሁሉ ሲዋጋቸው የኖሩት ስክረሎች እንኳ የጀግንነት ኒሻን በመልእክተኛ ይልኩለታል። ስታርሊን አባቱን የነጠቀው ይኸው ደዌ ስለ ነበረ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የሐሰት መጽናኛ አላገኘሁም።

«ኢንፊኒቲ ጎንትሌት» በተባለው የ1991 ሥራ ታኖስ ሁሉን ቻይነት የሚሰጡትን ስድስቱን ዕንቊዎች በጓንቱ ላይ ሰብስቦ፣ ጣቱን አንድ ጊዜ በማጮህ ከፍጥረተ ዓለሙ ሕያዋን እኩሌታውን ያጠፋል፤ ይህንም የሚያደርገው ለሚያፈቅራት ለሞት ስጦታ ይሆን ዘንድ ነው፤ እርስዋ ግን ፊትዋን ታዞርበታለች። በ2018 የወጣው ፊልም ይህን ፍቅር አስወግዶ፣ ታኖስን ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ምግብ እጥረት የሚጨነቅ አድርጎ አቀረበው። ብዙዎች ይህን ማሻሻያ ነው ብለው አመሰገኑት፤ እኔ አልስማማም። ለእልቂት የሒሳብ ምክንያት ሲሰጠው ተመልካቹ ስለ ቍጥሩ ይከራከራል፤ ገዳዩም ሊረታ ወይም ሊያሸንፍ የሚችል ተከራካሪ ይሆናል። የመጽሐፉ ታኖስ ግን የሚያቀርበው ምክንያት የለውም፤ ያለው የተበላሸ ፍቅር ብቻ ነው። በመጨረሻም ባላጋራው አዳም ዋርሎክ፣ ሁሉን ቻይነት በእጁ ገብቶ ሳለ ደጋግሞ ያጣው በልቡ ራሱን ለዚያ የማይገባ አድርጎ ስለሚቈጥር መሆኑን ሲነግረው፣ ታኖስ ይህን ሰምቶ የሥልጣን ምኞቱን ትቶ ገበሬ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ታኖስ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም እያሉ ፊልሙን አይተው የሚከራከሩ ወጣቶች፣ ክርክራቸውን ከመቀጠላቸው በፊት ይህን የ1991 መጽሐፍ ፈልገው እንዲያነቡ አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።