ቢሮው ገላን፣ ሰነዱ ባህር ማዶ

ቃሊቲን አልፎ በአቃቂ በኩል ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም የዘለቀ ሰው በየብሎኩ ምድር ላይ የሚያየው ሱቅ፣ ፀጉር ቤትና መድኃኒት ቤት ብቻ አይደለም፡፡ በመካከላቸው የትራንዚተር፣ የሂሳብ አዋቂ፣ የአስመጪና የሶፍትዌር ሠሪ ወጣቶች ቢሮዎችን የመሰሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ፡፡ የቦሌና የካዛንቺስ ኪራይ ያልቻለ አነስተኛ ድርጅት ወደ ከተማው ዳር መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፡፡ አካባቢው ደግሞ ለሥራ አይከፋም፡፡ የቃሊቲ ጉምሩክ ቅርብ ነው፣ ፋብሪካዎቹም ጎረቤት ናቸው፡፡

ከእነዚህ መካከል አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ እንውሰድ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት የደንበኞቹ መዝገብ በሙሉ በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ፣ በፒችትሪ ውስጥ ነበር፡፡ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ መጮህ ይጀምራል፣ ሂሳብ ሠራተኛዋም ባትሪው ሳያልቅ ሥራዋን ለመቆጠብ ትጣደፋለች፡፡ ምትኬ የሚባለው በባለቤቱ ኪስ ያለው ፍላሽ ነው፡፡ ፍላሹ ቫይረስ ያዘው ማለት የሦስት ዓመት ሂሳብ ሄደ ማለት ነው፡፡ ዛሬ ያው ቢሮ መብራት ሲጠፋ ብዙም አይደናገጥም፡፡ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ኢንተርኔቱ በሞባይል ይቀጥላል፣ ሰነዱ ደግሞ ገላን የለም፡፡ በአየርላንድ፣ በፍራንክፈርት ወይም በኬፕታውን ባለ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፡፡ ይህ ነው እንግዲህ ክላውድ የሚባለው፡፡

ለመሆኑ ይህ ለውጥ ለአነስተኛው ነጋዴ ነፃነት ነው ወይስ አዲስ ጥገኝነት?

የተከራየ ማሽን

ነገሩ በመሠረቱ ኪራይ ነው፡፡ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የራሱን የኮምፒውተር አቅም ለሌሎች በሰዓት ሒሳብ ማከራየት ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፡፡ ሰርቨር ገዝተህ፣ ክፍል አዘጋጅተህ፣ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር ተክለህ፣ ጠባቂ ባለሙያ ቀጥረህ ከምትደክም እኔ ዘንድ ያለውን ተጠቅመህ የተጠቀምክበትን ያህል ክፈል የሚል ነው፡፡ ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉ፡፡ አፍሪካም ተራዋ ደርሷት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል ደግሞ በ2024 በደቡብ አፍሪካ የመረጃ ማዕከሎቻቸውን ከፈቱ፡፡

ለእኛ ሀገር ነጋዴ የዚህ ኪራይ ጥቅም ግልጽ ነው፡፡ ሰርቨር ከውጭ ማስገባት የውጭ ምንዛሪ፣ ቀረጥና ወራት የሚፈጅ ጥበቃ ይጠይቃል፡፡ ማሽኑ ገብቶም ከመብራት መዋዠቅ የሚያድነው ሌላ ወጪ ይከተላል፡፡ ክላውድ ግን በአንድ ከሰዓት ይከፈታል፡፡ አምስት ሠራተኛ ያለው የገላን ድርጅት አምስት ሺህ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሚጠቀምበትን ማሽን ይጠቀማል፡፡ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ይሁን እንጂ ኪራይ ኪራይ ነው፡፡ ቤት የተከራየ ሰው የሚያውቃቸው ሦስት ጥያቄዎች እዚህም ይነሳሉ፡፡ ኪራዩ በምን ይከፈላል? ውሉ በማን ስም ነው? መውጣት ቢያስፈልግ ዕቃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ?

ኪራዩ በዶላር ነው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፡፡ ከጥቂት ወራት በኋላ ከ120 ብር በላይ ሆነ፡፡ በወር 200 ዶላር ለክላውድ የሚከፍል ድርጅት በቀድሞው ተመን ወጪው 11,400 ብር ነበር፡፡ በ120 ብር ሒሳብ 24,000 ብር ይሆናል፡፡ ማሽኑ አልጨመረም፣ ሥራውም አልጨመረም፤ ብሩ ነው የቀለለው፡፡ ከደንበኞቹ በብር ለሚሰበስበውና ዋጋ ከፍ ባደረገ ቁጥር ደንበኛ ለሚሸሸው ድርጅት ይህ የሠራተኛ ደመወዝን ያህል ልዩነት ነው፡፡

ከተመኑ ይልቅ የሚከፋው ግን የመክፈያ መንገዱ ነው፡፡ የውጭዎቹ ኩባንያዎች ክፍያ የሚቀበሉት በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ካርድ ለአነስተኛ ድርጅት ለረጅም ጊዜ እንደ ሰማይ የራቀ ስለነበር ብዙዎች የመረጡት አቋራጭ በከተማችን የታወቀ ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ፡፡ ወንድም ከቨርጂኒያ፣ እህት ከቶሮንቶ ካርዳቸውን ያስገባሉ፣ ብሩ እዚህ ለቤተሰብ ይሰጣል፡፡

አደጋው የሚታየው ነገሩ ሲበላሽ ነው፡፡ የወንድም ካርድ ጊዜው ያልፍበታል፣ ወይም ይሰረቅና ይዘጋል፡፡ ኩባንያው ክፍያ አልደረሰኝም ብሎ ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ማስጠንቀቂያው ግን የሚደርሰው በወንድም ኢሜይል ነው፡፡ ወንድም ሥራ ላይ ነው፣ አላየውም፡፡ ቀነ ገደቡ ያልፍና አገልግሎቱ ይቋረጣል፡፡ ገላን ያለው ባለቤት ለኩባንያው ቢጽፍም ኩባንያው አያውቀውም፡፡ በመዝገቡ ላይ ያለው ደንበኛ ሌላ ሰው ነው፡፡ የራሱን መዝገብ የራሱ መሆኑን ማስረዳት የማይችል ነጋዴ ሰነዱ እንደጠፋበት ይቆጠራል፡፡ አበው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ያሉት ለጌጥ ነበር፤ ለሰርቨርም ይሠራል፡፡

መንገዱ ሲዘጋ

ሁለተኛው ችግር መንገዱ ነው፡፡ ሰነድ ባህር ማዶ ካለ ለመድረስ ባህሩን መሻገር ያስፈልጋል፡፡ ኢትዮጵያ የባህር በር ስለሌላት ወደ ባህር ውስጥ ኬብሎች የምትደርሰው በጂቡቲና በኬንያ በመሳሰሉ ጎረቤቶች በኩል ነው፡፡ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቀይ ባህር የተዘረጉ ኬብሎች ሲቆረጡ ማይክሮሶፍት ራሱ የአዙር ደንበኞቹ መዘግየት እንደሚገጥማቸው አስታውቆ ነበር፡፡ አንድ ወር አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ማዕከል የተፈጠረ ችግር በዓለም ዙሪያ ብዙ አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስተጓጎለ፡፡ ትልቅ ኩባንያም ይወድቃል ማለት ነው፡፡

ይህ ግን ዓለም ሁሉ የሚጋራው ችግር ነው፡፡ የእኛ የብቻችን የሆነውን ማንሳት ይገባል፡፡ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሥራ የሚያሠራ ግንኙነት አልነበረም፡፡ በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ፣ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል፡፡ በዚያን ወቅት የሒሳብ መዝገቡን ፍራንክፈርት ያስቀመጠ የባህር ዳር ነጋዴ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ለመሥራት የራሱን ሰነድ ማየት አይችልም፡፡ ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ቢኖረው ኖሮ ይሻለው ነበር፡፡

መንግሥት በአንድ በኩል ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ብሎ ስትራቴጂ ያጸድቃል፣ ነጋዴው ወረቀቱን ትቶ ወደ ኮምፒውተር እንዲመጣ ይገፋል፡፡ የወጪና ገቢ ንግድ ፈቃዶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት እንዲያልቁ ተደርጓል፤ የቃሊቲ ትራንዚተርም ያለ ኢንተርኔት ሥራው የማይታሰብ ሆኗል፡፡ በሌላ በኩል ግን ያ ኢንተርኔት ነገ ላለመዘጋቱ ዋስትና የሚሰጠው የለም፡፡ ሁለቱ አብረው አይሄዱም፡፡

ሀገር ውስጥ ያለውስ?

እዚህ ላይ "እንግዲያውስ ሀገር ውስጥ ይቀመጥ" የሚል መልስ ይመጣል፡፡ መልሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዶ ምኞት ነበር፣ አሁን ግን መሠረት አለው፡፡ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም አገልግሎቱን ይሸጣል፡፡ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች ደንበኛ ሰርቨሩን የሚያስቀምጥባቸው የመረጃ ማዕከላት ገንብተዋል፡፡ ኪራይ በብር መክፈል፣ ባህር ሳይሻገሩ ሰነድ ማግኘት፣ ችግር ሲፈጠር በአማርኛ የሚያናግሩት ሰው ማግኘት ትልቅ ጥቅም ነው፡፡

ሕጉም ወደዚያው እየገፋ ነው፡፡ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚያስቀምጥ ድርጅት ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል፣ መረጃው ወደ ውጭ ሀገር የሚተላለፍበትንም ሁኔታ በቅድመ ሁኔታ አስሯል፡፡ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ የደንበኞቹን የመታወቂያ ቅጂ በውጭ ክላውድ ያከማቸ ትንሽ ቢሮ ጉዳዩ የባንኮችና የቴሌኮሞች ብቻ ነው ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል፡፡

ነገር ግን ሀገር ውስጥ መሆን በራሱ መድኃኒት አይደለም፡፡ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው፡፡ ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ ኃይሉን ሳይቆራረጥ እስከ ገላን ብሎክ ማድረስ ሌላ ነው፡፡ የሚገርመው የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ለቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች እየተሸጠ በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖች እዚሁ አፈራችን ላይ ለባዕዳን ባለሀብቶች ሲሠሩ መክረማቸው ነው፡፡ የሌላው ማሽን በእኛ መብራት እዚህ ይሠራል፤ የእኛ ሰነድ በዶላር ተከራይቶ እዚያ ይቀመጣል፡፡

ዋናው ነገር ቁልፉ ነው

በቅርብ ዓመታት ያየናቸው ሁለት ክስተቶች ከቦታው ይልቅ አያያዙ እንደሚበልጥ ያስተምራሉ፡፡ አንደኛው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ነው፡፡ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ለሰዓታት ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩት በውጭ ጠላፊ ምክንያት አልነበረም፡፡ ችግሩ ከባንኩ ከራሱ የሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው የተገለጸው፡፡

ሁለተኛው ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይበልጥ ቅርብ ነው፡፡ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ፡፡ በቀናት ውስጥ ግን ዕጣው ተሰረዘ፡፡ ምክንያቱ ወደ ሲስተሙ የገባው የተመዝጋቢዎች መረጃ ትክክለኛ አለመሆኑ ነበር፤ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ፡፡ ዓመታት ቆጥቦ የጠበቀ ሰው ዕድል በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ በማን እጅ እንዳለ ያን ጊዜ ሁሉም ተረዳ፡፡ ሰርቨሩ ሀገር ውስጥ ነበር፣ ባለሙያዎቹም የእኛው ነበሩ፡፡ የጎደለው ማን ምን ነካ የሚል ቁጥጥር ነበር፡፡

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት "ክላውድ ጥሩ ነው" ወይም "ክላውድ መጥፎ ነው" የሚል አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 ሠላሳ ሰባት ሲግናልስ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ ለክላውድ በዓመት ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉ አንገፍግፎት የራሱን ሰርቨሮች ገዝቶ ሊወጣ መወሰኑን ሲያስታውቅ ብዙዎች የክላውድ ዘመን አበቃ ብለው ነበር፡፡ ኩባንያው ግን የራሱ መሐንዲሶች ነበሩት፣ ሰርቨሮቹን ያስገባውም መብራት በማይጠፋበት የመረጃ ማዕከል ነው፡፡ ያ የሌለው የገላን ቢሮ እሱን ልምሰል ቢል ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንበታል፡፡

ስለዚህ ለአነስተኛው ድርጅት የሚበጀው መካከለኛው መንገድ ነው፡፡ አንደኛ፣ የክላውዱ መለያ በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን፡፡ ካርዱ የዘመድ ቢሆን እንኳ ዋናው ቁልፍ በባለቤቱ እጅ ይኑር፡፡ ሁለተኛ፣ ባለሙያዎች የሚመክሩት የቆየ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ፡፡ የኢንተርኔት መዘጋት ላለበት ሀገር ተገላቢጦሹም ይጨመርበት፤ አንዱ ደግሞ የግድ ቢሮው ውስጥ፡፡ ሦስተኛ፣ ምትኬው በየጊዜው ተከፍቶ ይሞከር፤ ተሞክሮ የማያውቅ ምትኬ ምትኬ አይባልም፡፡ አራተኛ፣ ከመግባት በፊት መውጫው ይጠና፡፡ መረጃ ከክላውድ ሲወጣ ክፍያ አለው፡፡ ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 ጠቅልሎ ለሚለቅ ደንበኛ ይህን ክፍያ ለማንሳት መወሰናቸው የደንበኞችና የሕግ አውጪዎች ግፊት ውጤት ነው፡፡ የሀገር ውስጥ አቅራቢዎችም ይህንኑ በውል እንዲያሰፍሩ መጠየቅ መብት ነው፡፡

የመንግሥት ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፡፡ ነጋዴው በሕጋዊ መንገድ በራሱ ስም የሚከፍልበትን ካርድ ያለ ደጅ ጥናት እንዲያገኝ ማድረግ፣ ከመብራት ማከፋፈያ መስመሮች ላይ ቸልተኝነትን ማንሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢንተርኔት የፖለቲካ ችግር በተነሳ ቁጥር እንደ ሱቅ በር የሚዘጋ ነገር አለመሆኑን በሕግ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፡፡ ይህ ሳይሆን "መረጃችሁን ወደ ዲጂታል አምጡ" ማለት ቤቱን ሠርቶ ቁልፉን ለሌላ መስጠት ነው፡፡

ገላን ያለችው ሂሳብ ሠራተኛ መብራት ሲጠፋ እንደ ድሮው አትደናገጥም ብለናል፡፡ እውነት ነው፡፡ ግን አለቃዋን አንድ ጥያቄ ትጠይቀው፤ "ነገ ጠዋት ኢንተርኔት ባይኖር፣ ወንድምህም ስልክ ባያነሳ፣ የደንበኞቻችን መዝገብ የት ነው?" መልስ ካለው እሰየው፡፡ ከሌለው ዛሬ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ቢያስብበት ይሻላል፡፡